በሌላ ሰው ስም አቤት ያልንበት ዓመት

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ እሱ መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የተጠራው አቤት ይላል፤ እሱ ምልክት ያደርጋል። የቀረ ይቀጣል። በቃ ይኸው ነው። አባቴ ግን ይህችን ሥራ ዳኛ ችሎት ላይ እንደሚቀመጥ አድርጎ ነበር የሚሠራት።

በየእድሩ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ። ጎረቤትህ ከቀረ ድምፅህን ትንሽ ለወጥ አድርገህ አቤት ትልለታለህ፤ በሚቀጥለው ወር አንተ ስትቀር እሱ ይልልሃል። ጸሐፊው ያውቃል፣ ግን እንዳላወቀ ሆኖ ምልክቱን ያደርጋል። ይህን ማንም ማጭበርበር አይለውም፤ እንዲያውም ለጎረቤቱ አቤት የማይል ሰው ነው ክፉ የሚባለው። አባቴ ጋ ግን አይሠራም። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ ያነሳና ከመነጽሩ በላይ አዳራሹን ያያል። «ራሱ ይበል» ይላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል።

ከሁሉ የተቸገረው ጎረቤታችን አናጢው ነበር። ወንድሙ ሻንቶ ከተማ ውስጥ ሱቅ ስላለው ለስብሰባ ብሎ ዘግቶ መምጣት አይሆንለትም። አናጢው ስለ ወንድሙ ያልሞከረው ዘዴ የለም። አንዴ እየሳለ፣ አንዴ በር አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ ጭራሽ መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ አቤት ብሏል። አባቴ አንድም ቀን አልሳተውም። ወንድምህ ሻንቶ ነው፣ አንተ ለራስህ ብለሃል፣ ይበቃሃል ሲለው አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። አናጢው ራሱ ይስቃል። በመጨረሻ የሚጠራው ስም ደግሞ የአባቴ የራሱ ነበር። ራሱን ከነአያቱ ስም ይጠራል፣ ቀና ብሎ አቤት ይላል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምልክት ያደርጋል። ሰው በየወሩ ይስቅበታል፤ እሱ አይስቅም።

ይህን ያስቀደምኩት እኔ በኋላ ያደረግሁት ነገር እንዴት እንደከበደው እንዲገባችሁ ነው። እድሜ ልኩን ለሰው አቤት የማያስብል አባት ልጅ ነኝ።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ሶዶ ያለው ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው። አዋ እለዋለሁ፣ በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። የምናወራው በወላይትኛ ነው። አማርኛ የተማረው ግብርና ቢሮ በጸሐፊነት ሲሠራ ነውና ቤት ውስጥ የሚያወጣው ሲቆጣ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እኔን እንደ ወንድ አንተ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ እስቅበት ነበር።

ዓመቱ እንደ ሁልጊዜው በጊፋታ ጀመረ። በዓሉ ስታዲየም ስለሚከበርና የአባቴ ጉልበት ስለከዳው በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ባለሥልጣኖቹ ባለ ሦስት ቀለሙን ዱንጉዛ ደርበው ተደርድረዋል። ጊፋታ ከመግባቱ በፊት የተጣላ ሰው መታረቅ አለበት፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። አባቴ ይህን እንደ ሕግ ይይዘዋል፤ በዓሉ ሲቃረብ በየዓመቱ የአንድ ሁለት ሰው በር ያንኳኳ ነበር። በዚያ ቀን መድረክ ላይ ሽማግሌዎች ሁለት ሰዎችን ሲያስታርቁ የሚያሳይ ትርኢት ቀረበ። ተቃቀፉ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴ እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ተጣልተው ያውቃሉ ወይ አለኝ። ትርኢት እኮ ነው አልኩት። እሱማ ገብቶኛል አለ፣ ዳጣውን ወደ ሥጋው እያስጠጋ።

ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት በሰው አገር በተፈረመ ስምምነት አበቃ ተባለ። ሬዲዮኑን መሐላችን አድርገን ሰማን። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ወንድሟ ከዚያ ያልተመለሰ ባልደረባ ነበረችኝ፤ እሷን አስቤ አለቀስኩ። አባቴ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ከዚያ፣ መፈረሙ ደግ ነው፣ ግን እዚሁ ቤታችን ቢፈረም ምን ነበረበት አለ።

የእግር ኳሱም ነገር እንዲሁ ነበር። አባቴ ጉልበቱ ሳይከዳው በፊት የክለባችን ጨዋታ ሶዶ ስታዲየም ላይ አምልጦት አያውቅም። አሁን ግን ሊጉ በሙሉ በተወሰኑ ከተሞች ብቻ ስለሚካሄድ ክለባችን ዓመቱን የሚያሳልፈው ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ እያለ ነው። ጋዜጠኛው ባለሜዳ ብሎ ሲጠራን አባቴ ይበሽቃል። እዚህ ዝናብ እየጣለ ነው፣ እሱ በጠራራ ፀሐይ ይላል፣ ታዲያ የማን ሜዳ ነው ይለኛል። በላስቲክ የታሰረውን ሬዲዮ ግን አይዘጋውም። ብሔራዊ ቡድኑማ ከዚያም የባሰ ነበር፤ አገር ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ የለም ተብሎ በሜዳችን የሚባለውን ጨዋታ በሰው አገር ነበር የሚጫወተው።

ከዚያ ሕዝበ ውሳኔው መጣ። ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች በጋራ አንድ አዲስ ክልል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚል ነበር። በእኛ በኩል ብዙ ሰው ልቡ ለብቻችን ክልል መሆን ላይ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የተገኘውን መያዝ ይሻላል ይላል። ታክሲ ውስጥ ወሬው ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኔ በቀበሌያችን ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኜ ተመረጥኩ፣ መዝገብ ያዥ። ኮራሁ፤ ምን ይደበቃል።

አባቴ ምን እንደሚመርጥ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ የማውቅ መስሎኝ። አንድ ቀን ጫማውን እየጠረገ ግን ስለ ድሮ ምርጫዎች አጫወተኝ። ብዙ ጊዜ ተሰልፏል፣ በደርግም ከደርግ በኋላም። ሁልጊዜ ከመሰለፉ በፊት የት ላይ ምልክት እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው ነበር። አንዴ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ አንዴ የቢሮ ኃላፊ፣ ኋላ ላይ ደግሞ በአንድ ለአምስት አደራጅተው አብረው ወስደዋቸዋል።

«አንድ ጊዜ» አለኝ፣ «ማንም ሳይነግረኝ ብቻዬን መጋረጃ ውስጥ ገብቼ ልወጣ እፈልጋለሁ። ካንቺም ጭምር ተደብቄ።»

ሳቅሁበት። እሱም ትንሽ ሳቀ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ከዚህ ዓለም የቀረው ፍላጎት ይህ መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

የምርጫው ቀን ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ገና በጠዋቱ ተገፎ ፀሐዩ ያነድድ ነበር። ከቤት ስወጣ አልነጋም፤ አባቴ ግን ሱፉን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሰልፉ ሲቀንስ ባጃጅ ይዤ መጥቼ እወስድሃለሁ አልኩት። እሺ፣ እጠብቅሻለሁ አለኝ።

ሰልፉ አልቀነሰም። መዝገቡን ትቶ መሄድ አይቻልም። ረፋዱ ላይ አናጢው ደረሰ፣ ካርዱን አሳየኝ፣ ፈረመ፣ ጣቱን ቀለም አስነከረ። ከዚያ ሁለተኛ ካርድ ከኪሱ አወጣ። የወንድሙ ነበር።

«ሱቁን ማን ይጠብቅለታል ቲቸር» አለኝ። «ዛሬ መዝገቡን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አባትሽ የለ።»

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። ታዛቢዎቹም የሰፈር ልጆች ናቸው፣ እነሱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ ልክ አዳራሹ ውስጥ ያለን መሰለኝና፣ እኔ እንደ አባቴ ግትር እንዳልሆንኩ ለማሳየት ፈለግሁ መሰል፣ መዝገቡን ወደ እሱ አዞርኩለት። በወንድሙ ስም ትይዩ አሻራውን አሳረፈ። ሁለተኛ ወረቀት ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። አንዷ ለታመመች እህቷ፣ አንዱ ገጠር ማሳው ላይ ለቀረ አጎቱ፣ አንዷ ለአራስ ምራቷ። ማንንም ሊጎዱ ፈልገው አይደለም። ጎረቤት ቀርቶ ስሙ ሲጠራ ዝም ማለት ስለማይችሉ ነው። እስከ ዛሬ የምምልበት ነገር ነው፤ ማንም ይህን አድርጊ ብሎ አላዘዘኝም። በገዛ ደግነታችን ነው ያበላሸነው።

ጣቢያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መዝገቡን ገለበጥኩ። የአባቴ ስም ትይዩ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ አሳፈረኝ። ጸሐፊው፣ አንድም ቀን ቀርቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ እሱ ራሱ ቀሪ ሊባል ነው። ባጃጅ ልልክለት ብል ሰዓቱ አይበቃም፣ ሰልፉም ገና ነው፤ ጉልበቱም አይችልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የቀኝ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ተጫንኩና በአባቴ ስም ትይዩ አሳረፍኩ። ወረቀቱን ይዤ መጋረጃ ውስጥ ገባሁና እሱ ይፈልገዋል ብዬ ባሰብኩት ላይ ምልክት አደረግሁ። ኮሮጆው ውስጥ ስጨምረው እፎይ አልኩ።

ቆጠራው ስላመሸ አባቴን ያገኘሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሱፉ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። እስኪመሽ ድረስ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ሲጠብቀኝ እንደዋለ ጎረቤት ነው የነገረኝ። እኔ ግን የምሥራች የማበስረው መስሎኝ፣ አትጨነቅ፣ ያንተንም ጨርሼልሃለሁ አልኩት። ምን ጨረስሽ አለኝ። ነገርኩት።

ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ምን እንደምመርጥ ጠይቀኸኝ ነበር?»

የምታስበውን አውቃለሁ ብዬ ነው አልኩት። የቱ ላይ እንዳደረግሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ ላይ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚል ምንም ነገር አላየሁም። እጁን ገልብጦ ንጹህ ጥፍሩን ተመለከተ። ከዚያ የእኔን እጅ ስቦ ወይን ጠጅ የሆነውን አውራ ጣቴን አየና ለቀቀው። ሻይ አፍዪ አለኝ፣ በወላይትኛ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጉዳዩ ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረኝም።

ያኔውኑ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ግን እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሳይነጋ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የተቃጠልኩት እኔ፣ ስሙን ከቀሪነት ያዳንኩት እኔ፣ ጭራሽ ልኮረፍ? ብዬ አኮረፍኩ። ሲበርድልኝ ደግሞ ሌላ ሰበብ አገኘሁ። ይቅርታ የሚጠየቅበት ጊዜ አለው፣ ጊፋታ ሲቃረብ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ይህን ስለሚወድ ቶሎ ይቀበለኛል ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ስምንት ወር የሚርቅ ቀጠሮ ከሰባ ስምንት ዓመት ሰው ጋር።

መጋቢት ገደማ የወላይታው ድምፅ እንደማይቆጠርና ምርጫው እንደሚደገም ሰማን። ጥሰት ታይቷል ተባለ። የእኛ ጣቢያ ይኑርበት አይኑርበት ዛሬም አላውቅም፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች ውስጥ ምን እንደተደረገ አላየሁምና ስለ እነሱ አልናገርም። የእኔን ግን አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ውሃ በላው። አስፈጻሚ የነበርነው ሰዎች ገበያ ስንገናኝ ስለ ጎዳሬ መወደድ እያወራን እንለያይ ነበር።

በዚያ ሰሞን አናጢው ቤታችን መጣ። አባቴ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው የተባለለትን ጨዋታ ሞሮኮ ውስጥ እየተጫወተ ይሸነፋል። አናጢው ቆብ አውልቆ እጁ ላይ እያሻሸ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት አለው። ሊቀልድ አስቦ የመጣ ይመስለኛል፣ ግን ድምፁ ከዳው። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አንተማ ሁሌም ትሞክራለህ» አለው። «መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።»

እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሰማሁት። እንድሰማውም ፈልጎ ነው። ግን አልወጣሁም።

ግንቦት ላይ ምዝገባው እንደ አዲስ ተጀመረ። እኛ ጣቢያ የመጡት አዳዲስ ሰዎች ናቸው፣ ከሌላ ከተማ፤ ማንም ማንንም አያውቅም። አባቴ መሳል ጀምሮ ነበር፣ ግን በመጀመሪያው ቀን እሄዳለሁ አለ። በባጃጅ ወሰድኩት። ደረጃው ላይ ክንዱን ልይዘው ብል እጄን ገፋ። መዝጋቢዋ ለጋ ልጅ ናት፣ አባባ አሻራ ያድርጉ ወይስ ይፈርማሉ ስትለው ብዕር ጠየቃትና ስሙን ከነአያቱ ጻፈ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቀረጸ። ካርዱን ሲቀበል አየት አደረጋትና፣ ለሌላ ሰው ልውሰድ ብላት ትሰጪኛለሽ ወይ ብሎ ፈተናት። አይቻልም አባባ አለችው። ጎበዝ አላት።

በመልሱ ባጃጁ ውስጥ ደስ ብሎት ነበር። ለእኔ ሙዝ ገዛልኝ፣ እንደ ልጅነቴ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ደህና ቀን ቁጠሪ ብትሉኝ ይህን ነው የምቆጥረው። ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደስታውን እንዳላበላሸው ብዬ ዋጥኩት።

ሰኔ ሊገባ ሲል ዝናቡ አየለ፣ ሳሉም ወደ ሳንባው ወረደ። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ ወደ ቤት ውሰዱት ተባልን። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ካርዱን የእድሩ መዝገብ ውስጥ አድርጎ ትራሱ ሥር አስቀምጦ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለምርጫው ስንት ቀን እንደቀረ ይጠይቀኛል። አሥር ቀን፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እለዋለሁ። ሰው በሸክምም ቢሆን ያደርሰኛል ይል ነበር። አናጢው አልጋ መሳይ ነገር ከእንጨት ሠርቶ ሸራ ወጥሮበት አምጥቶ በረንዳ ላይ አቁሞለታል።

ሰባት ቀን ሲቀር አልቻልኩም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ፣ አዋ፣ ስለዚያ የጥር ቀን ብዬ ጀመርኩ። እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አስቆመኝ።

«ጊፋታ ሲደርስ» አለኝ።

ያን ያለው እንደማይደርስ እያወቀ ነው? ተስፋ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነው? ወይስ ይቅር አልልሽም ማለቱ ነው? ስንት ጊዜ አሰብኩት። ምናልባት እንደ ልማዱ ደንቡን መጠበቁ ብቻ ነው። በማግስቱ አልጠየቀኝም፣ ተኝቶ ዋለ። ለምርጫው አምስት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ቀብሩ ላይ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ስም የሚጠራ ግን ጠፋ። ማን ይጥራ? መዝገቡ ትራሱ ሥር ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጥቁር ለብሼ ተሰለፍኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ካርድ አለ፣ የእኔና የአባቴ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ቤት ትቼው መውጣት አልሆነልኝም። ከፊቴ አናጢው ቆሟል፣ ከአናጢው ፊት ደግሞ ወንድሙ፣ ሱቁን ዘግቶ ከሻንቶ የመጣ። እድሜውን ሙሉ ለእድር ያልመጣ ሰውዬ ዛሬ ራሱ ተሰልፏል። አናጢው ዞር ብሎ አየኝና ወንድሙን በአገጩ አመለከተኝ። አባትሽ ባየ ለማለት ፈልጎ ነው፤ አልጨረሰውም።

ያቺ ልጅ መዝገቡ ላይ ነበረች። የእኔን ካርድ አየች፣ አስፈረመችኝ፣ ወረቀት ሰጠችኝ። ከዚያ ሳላስበው የአባቴን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

የማን ነው አለችኝ። የአባቴ ነው፣ ሞቷል አልኳት። ነፍስ ይማር አለች። ስሙን መዝገቡ ውስጥ ፈለገችው፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ፊርማ አየሁት። አጠገቡ የሆነ ነገር ጽፋ ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ይመለስልኝ ልላት ብል አይቻልም እንደምትለኝ አወቅሁ። አባቴ ያቺን ልጅ ይወዳት ነበር።

መጋረጃው ውስጥ ቆምኩ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የመምረጫ ምስሎች አየኋቸው። የእኔን ፍላጎት ልከተል ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ የእሱን ልከተል ብል የእሱን አላውቀውም። አላውቀውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ማዕድ ላይ በልተን አላውቀውም። ወረቀቱን ባዶውን አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት። በጥር የሁለት ሰው ድምፅ የሰጠሁት እኔ በሰኔ የአንድም አልሰጠሁም።

ነሐሴ ላይ አዲሱ ክልል ተመሠረተ፣ ሶዶም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። ባጃጆች ባንዲራ ሰክተው ጡሩምባ እየነፉ ዞሩ። ከመናኸሪያ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ግን ያው ጭቃው ነው። በዚያው ሰሞን በዓለም ሻምፒዮናው የእኛ ሴቶች በአሥር ሺህ ሜትር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው ተከታትለው ገቡ። ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ሬዲዮኑን ከፍቼ ሰማሁና መልሼ ዘጋሁት። ደስ የሚል ነገር ሲሰማ ዞር ብሎ የሚነገረው ሰው ከሌለ ሬዲዮ የእንጨት ሳጥን ነው።

ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ምክንያት የእድር ስብሰባ አልነበረም። መስከረም ሲጠባ፣ ጊፋታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በመጀመሪያው እሁድ አዳራሽ ተሰበሰብን። በአባቴ ቦታ አባል ሆኜ መግባቴ ነበር። መዝገቡን ይዤ ሄጄ ለአዲሱ ጸሐፊ አስረከብኩት። ጡረታ የወጣ ነርስ ነው፣ ለስላሳ ሰው። ዝርዝሩን እንደ አዲስ የገለበጠው ስለሌለ በአባቴ እጅ ጽሑፍ ላይ ነው የሚያነበው።

ስም መጥራት ጀመረ። ሰው አቤት አቤት ይላል። የአናጢው ወንድም ስም ሲጠራ አናጢው ከኋላ ሆኖ አቤት አለ፣ ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ምልክት አደረገ። ሱቁ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሰው ለጎረቤቱ አቤት አለ፣ ሁሉም ምልክት ተደረገለት። አዳራሹ ቀለል ብሎታል። ሃያ ዓመት የታፈነ ነገር የተለቀቀ ይመስል ነበር።

ጸሐፊው ሳያስበው ወደ መጨረሻው መስመር ደረሰና አነበበው። የአባቴን ስም፣ ከነአያቱ።

ሰውየው ምን እንዳነበበ ገባውና ደነገጠ፤ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን ነጠላ ጨበጥኩ።

«አቤት» አለ አናጢው።

አላሳለም፣ አልጎነበሰም፣ ድምፁንም አልለወጠም። ቆሞ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነው ያለው። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጁ ናት፣ እሷ ትናገር ብለው ነው የጠበቁኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ራሱ ይበል፣ ሁለት ቃል ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በየወሩ የሰማሁት። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲያ አባቴ የትም ቦታ እንደማይጠራ አሰብኩና ዘጋሁት።

ጸሐፊው ትንሽ ጠብቆ ምልክቱን አደረገ።